ከምርኮው ጀምሪልኝ

ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ነሐሴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የተጠየቅሁትን ጥያቄ መመለስ አቅቶኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጥያቄው ከሙያዬ ውጭ ቢሆን ኖሮ ማታውን እንኳ ባላስታወስኩት ነበር። ነገር ግን እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ የተጠየቅሁትም ለ14 ዓመታት እየደጋገምኩ ስላስተማርኩት መጽሐፍ ነበር።

የምኖረው ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ደጃፍ የሴቶች ሸንጎ ይሆናል። ያን ዕለትም ጤፌ ተመዝኖ፣ ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው፣ ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ዝናቡ ያካፋ ስለነበር ሁላችንም ወደ ዘበኛው የቆርቆሮ መጠለያ ተጠጋን። ዘበኛው ስድሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ከአንድ አረንጓዴ ካፖርት የማይለዩ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልክ አለቻቸው። ሚሞሪዋ ላይ የሰፈር ልጅ የጫነላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ሲያልቅባቸው እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል።

ትረካው ፊታውራሪ መሸሻ «አንገብርም» ያላቸውን ባላገር ሊቀጡ ዘምተው፣ ራሳቸው በባላገሩ እጅ ከሚወድቁበት ክፍል ደርሶ ነበር። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ፤ ክፍል ውስጥም ተማሪዎቼ የሚስቁት እዚያ ላይ ነው፤ በየዓመቱ «ይህ ምጸት ይባላል» እያልኩ ሰሌዳ ላይ የምጽፈውም እዚያው ላይ ነው። ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁለት እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ከተው፣ ስልኳን እንደ ሰው ትኩር ብለው ያዩአት ነበር።

«ቲቸር» አሉኝ ሳቁ ሲበርድ፤ «ይህን የጻፉት ሰውዬ ተማርከው ያውቃሉ?»

«ትልቅ ዲፕሎማት ነበሩ እኮ ጋሼ፤ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነው አገልግለዋል» አልኳቸው።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አሉኝ፤ ሳይቆጡ፣ እንዲያው ቀስ ብለው።

መብራት መጣ፤ ወፍጮው ተነሣ፤ እኔም ዱቄቴን ተሸክሜ ሄድኩ።

ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ግማሽ ሕይወት

እውነቱን ለመናገር፣ ጣሊያን ወስዷቸው እንደነበር የሆነ ቦታ አንብቤ አውቅ ነበር። ነገር ግን ማወቅና መቁጠር ይለያያሉ። ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርኩት ለፈተና የሚመጣውን ነው፤ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ መወለዳቸውን፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ማደጋቸውን፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ መማራቸውን፣ ከዚያም አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት መቅሰማቸውን። ይህ ግማሽ ከልብ ወለዱ ጋር የሚገጥመው ያለ ምንም ድካም ስለሆነ፣ አስተማሪን ያሰንፋል። የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህም የቆሎ ተማሪ ነው፤ በዛብህም በእነዚያው አድባራት ያልፋል፤ ቅኔው፣ ልመናው፣ የየኔታ ቤት ሥርዓቱ በሙሉ ደራሲው በእግራቸው የሄዱበት መንገድ ነው። ተማሪ «ደራሲው በዛብህን ከየት አመጡት?» ሲል «ከራሳቸው» ብሎ መመለስ ይበቃል።

የጋሼ ጥያቄ ግን ስለ በዛብህ አልነበረም። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ነበር። ፊታውራሪን ከየት አመጧቸው ተብዬ አላውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ሌላው ግማሽ

ክረምቱን በሙሉ ያሳለፍኩት ያንን ሌላ ግማሽ ስፈልግ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ሐዲስ ዓለማየሁ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ደብረ ማርቆስ አስተምረዋል፣ ዳንግላ የጉምሩክ ሥራ ላይ ነበሩ። ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ እሳቸውም አብረው ዘመቱ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ይህ ጦር ተከዜን ተሻግሮ የጠላትን ታንኮች ከጥቅም ውጭ አድርጎ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የማናነሣው ድል ነው። በዚያው ወር ውስጥ አውሮፕላኖቹ ቦምብ የማይመስል በርሜል መጣል ጀመሩ። ራስ እምሩ ከጊዜ በኋላ እንደተናገሩት፣ በርሜሎቹ መሬት ሲነኩ ተሰነጣጥቀው ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጩ ነበር፤ ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ይላጥ ነበር፤ ወንዙ ዳር ወድቀው ውሃ የጠጡትም አልተረፉም። በየካቲት መጨረሻ የሽሬ ጦርነት ሆነ። ጦሩ ወደ ኋላ ሲመለስ በየመንገዱ ተበተነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጦሩ የተበተነው በአውሮፕላን ብቻ አልነበረም። ራስ እምሩ ለጎጃም እንግዳ ገዥ ነበሩ፤ ከጎጃም ዘማች ብዙው ልቡ አብሯቸው አልነበረም፤ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ግንባሩን ትተው ተመልሰው ጎጃም ላይ ሸፍተዋል። (በልብ ወለዱ ውስጥ ባላገሩን የሚመራው ሰው አበጀ በለው መባሉን ሳስተውል ደንግጬ ነበር፤ የስም ነገር ግን ያሳስታልና ከዚህ ምንም አልመዝም።) አንድ ጎጃሜ ወጣት፣ የገዛ አገሩ ልጅ የሚሸሸውን ጦር ይዞ፣ በገዛ አገሩ መንገድ ላይ እየጎደለ ሲመለስ ምን አይቶ ይሆን? ባላገሩ ለማን ነው የሚሞተው? በሰላሙ ቀን ያለውን ሁሉ ሲያስገብረው ለኖረ ጌታ? ይህ የእኔ ጥያቄ ነው፤ ግን የእሳቸውም ሳይሆን አይቀርም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

የቀረው መንገድ ወደ ምዕራብ ነው። ቤቴ ያለበት የአምቦ መንገድ ጥቂት እንደሄዱበት ሆለታ ያደርሳል፤ እዚያ በ1927 ዓ.ም. ከተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች «ጥቁር አንበሳ» ብለው ተደራጅተው፣ ራስ እምሩን መሪ እንዲሆኗቸው ጠየቁ። ታክሲ ስጠብቅ በየቀኑ የምቆምበት አስፋልት ነው፤ ከዚህ ታሪክ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበቡ፤ እጅ ሰጡ። ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማረኩት ጋር ነበሩ። ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ መጀመሪያ ፖንዛ ደሴት፣ ኋላ ደግሞ ሲሲሊ አጠገብ ያለችው ሊፓሪ። የኅብረቱ ጦር እስኪያስፈታቸው ድረስ ሰባት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ ተይዞ ወደ ፖንዛ መወሰዱን፣ የተቀመጠውም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት መሆኑን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ጋሼ ትዝ አሉኝና ሳቄን ዋጥኩ።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ ተገኘ፤ አዎ፣ ተማርከው ያውቃሉ። እጄ ላይ የቀረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዘበኛው በምን አወቁ?

ቆሎ

መስከረም ላይ ወፍጮ ቤት ስሄድ ሆን ብዬ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት መረጥኩ። ጋሼ ከሰል አያይዘው ቡና ሊያፈሉ ጀበናዋን ጥደው ነበር። «ተማርከዋል፤ ጣሊያን ሰባት ዓመት አስሯቸዋል» አልኳቸው፤ የቤት ሥራውን ሠርቶ እንደመጣ ተማሪ። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልገረማቸውም። «በምን አወቁ?» አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። በብሔራዊ ውትድርና የተወሰዱት ጢማቸው ሳይሞላ ነው። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ነበሩ፤ የደርግ ሠራዊት ናደው ዕዝ ሲደመሰስ ከተማረኩት በሺዎች ከሚቆጠሩ ወታደሮች አንዱ ናቸው። ስለ ውጊያው ምንም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የነገሩኝ ከውጊያው በኋላ ስላለው ሰዓት ብቻ ነው።

«ጠመንጃውን ስትሰጪ ቶሎ ያልቃል» አሉኝ፤ «እጅሽ ነው የሚቸግርሽ። ስንት ዓመት ብረት የያዘ እጅ በድንገት ባዶውን ሲቀር የት እንደምታደርጊው አታውቂም። ደጅ ላይ ከተተከለ ጉቶ አይለይም።» እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፤ መልሰውም ከተቱት። «የማረከን ልጅ የእኔ እኩያ ነው። ተቀምጠን ሳለ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለት ቀን አልበላሁም ነበር። አፌ ውስጥ ሳደርገው ምን ብዬ እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ‹እንዴት ጥሩ አድርጎ የተቆላ ነው!› ብዬ አሰብኩ። ጓደኞቼ እዚያ ማዶ ወድቀዋል፤ እኔ የቆሎ አቆላል አደንቃለሁ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ መማረኬ እንዳይመስልሽ፤ እሱ ነው።»

ጀበናዋ ገነፈለች፤ አወረዷት።

«ስለዚህ ፊታውራሪው ሲያዙ ሴቶቹ ይስቃሉ» አሉ፤ «እኔ ግን የጻፉትን ሰውዬ አያለሁ። ያልተማረከ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይገድላቸው ነበር፤ ወይም ያስመልጣቸው ነበር። ኑሮ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ መሆኑን የሚያውቅ የተማረከ ብቻ ነው።»

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት አልተማሩም። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ባሳለፍኳቸው ዓመታት አንድ ልብ ወለድ የት ጋ ከሕይወት እንደተቀዳ የሚያሳይ ከዚህ የጠራ መለያ የነገረኝ ሰው አላስታውስም። ጀግና ይሞታል ወይም ያሸንፋል፤ ተራ ደራሲም ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ክብሩን ከተገፈፈ በኋላ ጠዋት ተነሥቶ ቁርስ የሚበላ ሰው፣ ለልብ ወለድ የማይመች ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የመረጡት እሱን ነው።

እንደገና ሳነበው

መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው 56 ዓመታቸው ነበር፤ ከሽሬ መልስ 30 ዓመት አልፏል። ጦርነቱ ግን ውስጡ የለም። ታሪኩ የሚካሄደው ከወረራው በፊት በነበረው ጎጃም ነው፤ አውሮፕላን የለም፣ በርሜል የለም፣ ደሴት የለም። የጦር ሜዳ ትዝታቸውን ለብቻው የጻፉበት «ትዝታ» የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ከዘመቻው 57 ዓመት በኋላ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ሆነው። መጀመሪያ የፍቅር ታሪክ፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ደግሞ የጦርነቱ ታሪክ። ቅደም ተከተሉ መገልበጡን ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ለምን እንደዘገዩ የራሴ ግምት አለኝ። ከነጻነት በኋላ አገሩ ሰውን የሚያውቀው በሦስት ስም ነበር፤ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። ሹመቱም፣ ኩርፊያውም፣ መሬቱም በእነዚህ ስሞች ዙሪያ ይዞር ነበር። ምርኮኛ የት ይመደባል? ጫካ አልቀረም፣ ከንጉሡ ጋር አልተሰደደም፣ ለጠላትም አላደረም። ለተረት የማይመች፣ ለፉከራ የማይሆን ሰባት ዓመት ይዞ ነው የተመለሰው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፈዋል። ሆድ ግን ሁሉንም አይፈጅም፤ የተረፈው በሌላ በር ይወጣል።

የወጣውም በፉከራው በኩል ይመስለኛል። ፊታውራሪ መሸሻ ስለ አጥንታቸው ይናገራሉ፤ ስለ ዘራቸው ይናገራሉ፤ መሣሪያ የሚያነሡት ግን በገዛ ገባራቸው ላይ ነው። ይህን ያህል ጊዜ እንደ ቀልድ ሳስተምረው የኖርኩት ዘመቻ፣ አሁን ሳነበው፣ የዚያ የትልቁ ጦር ገጽታ በትንሽ መስተዋት የታየበት ሆኖ አገኘሁት። ከላይ ማዕረግና ሽለላ፣ ከታች ልቡ ያልዘመተ ባላገር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሎ ያደገ ሕዝብ ጌታውን ሲማርክ ማየት ያስቃል፤ ነገር ግን ያንን አገር የውጭ ጠላት ሲገባበት ያየ ሰው ሲጽፈው ሳቁ ሌላ ሳቅ ነው። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ ስልስ የኖርኩ መሆኔን ነው ዘበኛው ያሳዩኝ። ጉዱ ካሣ ማኅበሩን አንዱ በአንዱ ላይ ከተጫነ የድንጋይ ካብ ጋር የሚያመሳስልበት ቦታ ላይም ቆየሁ። ካቡ ሲገፋ የቱ ድንጋይ ቀድሞ እንደሚንሸራተት ከሽሬ መልስ በእግሩ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል።

ሌላው ያስደነገጠኝ በመጽሐፉ ውስጥ ያልታሰረ ሰው ማጣቴ ነው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ እናትና አባቱ በተሳሉት ስለት ታስሯል፤ ሕይወቱ የተሰጠችው ለእግዚአብሔር ነው፤ ሰጪዎቹም እሱን አልጠየቁትም። የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌል የተወለደችበት ቤት እስር ቤቷ ነው፤ ጓደኞቿ ሲዳሩ እሷ የአባቷ የዘር ሚዛን እስኪሞላ ትጠብቃለች። ጉዱ ካሣን ያሰሩት «እብድ» በሚል ስም ነው። ሌላው ቀርቶ ፊታውራሪ እንኳ ከአጥንታቸው ኩራት መውጫ የላቸውም። ሁሉም ይጠብቃሉ፤ ሁሉም የሌላ ሰው ፈቃድ እስኪመጣ መስኮት ላይ ናቸው። ይህንን ጥበቃ የጻፈው ሰው በዙሪያው ባሕር ብቻ ባለበት ቦታ ዓመታትን የቆጠረ ሰው ነው።

እዚህ ጋ ራሴን መግታት አለብኝ። የቅኔ ተማሪ ስለነበሩ «ሰሙ ፍቅሩ ነው፣ ወርቁ ጦርነቱ ነው» ብሎ መገላገል ቀላል ነው፤ መስከረም ላይ ለመምህራን ክፍሉ ይህንኑ ተናግሬ አንድ ባልደረባዬ በደንብ አድርጎ ገሠጸኝ። «ስለት ጎጃም ውስጥ የነበረ ነው፤ ስለቱን ለማወቅ ፖንዛ መታሰር አያስፈልግም» አለኝ። ልክ ነው። የልጅነታቸው ጎጃም ባይኖር ኖሮ ጦርነቱ ብቻውን ይህንን መጽሐፍ ሊጽፍ አይችልም ነበር። ዲማንና ደብረ ወርቅን፣ የባላገሩን አነጋገር፣ የሠርጉንና የለቅሶውን ወግ የሰጣቸው ልጅነታቸው ነው። እኔ የምለው ያንን ልጅነት የሚያዩበትን ርቀት የሰጣቸው ምርኮው ነው የሚለውን ብቻ ነው። አገሩን ሳይለቅ የኖረ ሰው ያንን ሥርዓት እንደ አየር ይተነፍሰዋል፤ ተሸንፎ፣ ተግዞ፣ ለዓመታት ከሩቅ ያሰበው ሰው ግን «ለምን ተሸነፍን?» ከሚለው ጥያቄ ጋር አብሮ ያየዋል። በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቅ መጽሐፍ መጻፋቸውም ያው ጥያቄ እንዳልለቀቃቸው ይነግረኛል። ባልደረባዬ በዚህኛው አልተከራከረኝም፤ ግን እንደተስማማም አልነገረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ

«ትዝታ»ን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ለጋሼ ልሰጣቸው ነበር ያሰብኩት፤ ነገር ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ የሕትመቱም ፊደል ደቃቅ ነው። «አንብቢልኝ» አሉኝና ባዶ ማዳበሪያ አጥፈው መቀመጫ አበጁልኝ። እንደ ልማዱ መብራት የለም። ሴቶቹ እህላቸውን አስቀምጠው ቀረብ አሉ፤ አንዷ ምስር መልቀሟን ሳታቋርጥ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መጽሐፉ ላይ አሳረፉ።

«አዘማመቱን ተይው፤ አዘማመቱን አውቀዋለሁ። ከምርኮው ጀምሪልኝ።»

ገጾቹን እየገለበጥኩ ቦታውን ፈለግሁት። አግኝቼው አንድ አንቀጽ እንኳ ሳልጨርስ መብራት መጣ፤ ወፍጮው ተነሥቶ ድምፄን ዋጠው፤ ሴቶቹም ወደ ወረፋቸው ተሯሯጡ። ከከንፈሬ ሊያነቡ የፈለጉ ይመስል ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው ጆሮዬ ላይ ጮኹ፦

«ምልክት አድርጊበት!»

የሚዛኑ ቁጥር የተጻፈባትን ብጣሽ ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ገጹ መካከል አደረግሁና መጽሐፉን ሰጠኋቸው። በዱቄቱ እንዳይነጣ ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።